ቱንቢው ከቀብዱ ይቅደም

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ የድንጋይ ቤት ለመግዛት ላሰቡ ሰዎች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ እዚህ ባዶ ወንበር ይታየኛል።

ኪሴ ውስጥ ያለችውን ላሳያችሁ። ቱንቢ ናት፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የምትለካ። ክር ናት፤ ጫፏ ላይ የብረት ፍሬ ተንጠልጥሏል። ግንበኞች እዚህ ካላችሁ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። ዋጋዋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም። እሷን ሳልይዝ ሄጄ የገዛሁት ቤት ግን ስንት ምሳ እንዳስቀረብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ከአዘዞ አለፍ ብሎ ተዳፋት ላይ አንድ የድንጋይ ቤት አየሁ። ወሩ ጥር፣ ሰሞኑ ጥምቀት። ከተማው በእንግዳ ጢም ብሏል። ውጭ አገር ያለውም፣ አዲስ አበባ ያለውም መጥቷል። የደላላ እግር መሬት አይነካም። ቤቱ አዲስ ልስን ተለስኖ ክሬም ቀለም ተቀብቷል። ደላላው ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ድንጋይ እኮ ነው! የፋሲል ግንብ ስንት ዘመኑ?» አለኝ። ጎንደሬ ልቡ የሚቀልጠው በዚህ ነው። እኔም ቀለጥኩ። ደግሞ ሌላ ገዢ ከባሕር ዳር እየመጣ ነው ተባለ። ያ ሁልጊዜ የሚመጣው፣ ግን የማይደርሰው ገዢ። በዚያው ቀን ቀብድ ቆጠርኩ።

ነሐሴ ላይ፣ ሌሊት፣ ድምፅ ሰማሁ። ከግድግዳው ውስጥ ነው። ጤፍ ከጆንያ ወደ ጎታ ሲገለበጥ የሚሰማው ዓይነት፣ ሽርርር የሚል። አይጥ መሰለኝ። ጠዋት ስነሳ የሳሎኑ ልስን ወደ ውስጥ ሆድ አውጥቷል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የግድግዳው የውስጥ ፊት ከነድንጋዩ ከነአፈሩ ተዘረገፈ። ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም፣ ተመስገን። የሚገርመው ግን የውጭው ፊት ቆሞ ነበር። ከመንገድ ለሚያየው ሰው ቤቴ ምንም አልሆነም። ክሬም ቀለሙም እንደ አማረበት ነው።

አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አስጠራሁ። ስማቸው እዚህ እንዲነሳ አልፈለጉም፤ እኔ «አያ» ነው የምላቸው። ፍርስራሹን በእግራቸው ገፋ ገፋ አደረጉና «አንተ ልጅ፣ አንድ ግድግዳ መስሎህ ሁለት ገዝተሃል» አሉኝ።

ይህን ካልተረዳችሁ የቀረው ንግግሬ አይገባችሁም፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የአካባቢያችን የድሮ የድንጋይ ቤት ግድግዳ ውፍረቱ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ስታዩት አንድ ወጥ ይመስላል። ነገር ግን ከውጭ አንድ መደዳ ድንጋይ ይካባል፣ ከውስጥ ሌላ መደዳ ይካባል፣ መሃሉ በኮረትና በጭቃ ይሞላል። ሁለቱን ፊቶች እጅ ለእጅ የሚያያይዛቸው አልፎ አልፎ ከዳር እስከ ዳር የሚተኛ ረጅም ድንጋይ ነው። ጥሩ ግንበኛ እነዚህን ድንጋዮች አይረሳም። የቸኮለ ወይም ረጅም ድንጋይ ያጣ ግንበኛ ይዘላቸዋል። ታዲያ ውሃ ከላይ ወይም ከጎን ሲገባ የመሃሉ ጭቃ ይለሰልስና ወደ ታች ይሰምጣል። የሰመጠው አፈር ከታች እንደ ሽብልቅ ሆኖ ሁለቱን ፊቶች ይፈለቅቃቸዋል። ሌሊት የሰማሁት ሽርርርታ ይህ ነበር።

እንግዲህ ግድግዳዬ ወድቆ የገባኝ ነገር፣ ድንጋይ ቤት የሚያቆመው ድንጋዩ አለመሆኑን ነው። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ነው የሚያቆመው። በመካከል ያለውን ደግሞ የሚገድለው ውሃ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት እንዳይለት ሲጠራኝ ከአያ ጋር እሄዳለሁ። ውሃውን ብቻ ነው የምንከተለው።

አሁን ወደ ፋሲል ግንብ ልመለስ። እያንዳንዱ ደላላ ስለሚጠራው እኛም ልንጠራው ይገባል። አፄ ፋሲል የነገሡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1632 እስከ 1667 ነው። ግንቡ ቆሟል፣ እውነት ነው። ግን በጭቃ አይደለም የተሠራው። በኖራ ነው። በድንጋይና በጭቃ የተሠራን ቤት በድንጋይና በኖራ ከተሠራ ግንብ ጋር ማወዳደር፣ ሁለቱም እንጀራ ናቸው ብሎ የጤፉን ከማሽላው ጋር አንድ ዋጋ እንደ መሸጥ ነው።

ግንቡ ራሱም ሌላ ትምህርት አለው። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ ሲጠግኑት ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት ተጠቀሙ። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ በመዘገበው ቦታ ላይ (የተመዘገበው በ1979 ነው፣ በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር) ይህ ጥገና የማይስማማ ተብሎ ተተችቷል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተደረገው ጥገና ወደ ኖራ የተመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ኖራ ይተነፍሳል። ግድግዳው ውስጥ የገባውን እርጥበት ቀስ እያለ ያስወጣዋል። ሲሚንቶ ግትር ነው። ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ አብሮት አይንቀሳቀስም፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ይሰነጠቃል። በዚያ መስመር ዝናብ ይገባል። መውጫ ግን የለውም። ከሲሚንቶው ኋላ ያለው ጭቃ ክረምቱን በሙሉ እንደ ራሰ ይከርማል።

ስለዚህ ከከተማ ወጣ ያለ የድሮ ቤት ላይ ትኩስ የሲሚንቶ ልስን ስታዩ «እንዴት ያምራል» ከማለታችሁ በፊት «ለምን አሁን?» በሉ። ምናልባት ለበዓል ነው። ምናልባት ለእናንተ ነው። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።

ፋሲል መዋኛን የማያውቅ እዚህ የለም። እዚያ በአጥሩ ግንብ ላይ የተጠመጠመውን የዛፍ ሥር ፎቶ ያላነሳ ማን አለ? ያምራል። ሙሽሮች ሁሉ እዚያ ይቆማሉ። ልትገዙት ባላችሁት ቤት ግድግዳ ላይ የጣት ያህል ሥር ካያችሁ ግን ፎቶ አንስታችሁ ለመሐንዲስ አሳዩት።

ወደ ጊዜው ልምጣ። እኛ አገር ቤት የሚታየው በጥር ነው፤ እንግዳ የሚመጣው ያኔ ስለሆነ። ጥር ላይ መሬቱ ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ የከረመ እርጥበት ሁሉ በኖ ጠፍቷል። ቤት ግን ራሱን የሚያሳየው ከሐምሌ እስከ መስከረም መባቻ ነው። ጥር ላይ ያያችሁትን ቤት ነሐሴ ላይ ዝናብ እየዘነበ አንድ ጊዜ ማየት ከቻላችሁ ግማሹን ምርመራ ጨርሳችኋል። ጃንጥላ ይዛችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ውሃው ከጣራው ወዴት እንደሚወርድ፣ ከዳገቱ መጥቶ የት እንደሚተኛ ተመልከቱ። ክረምትን መጠበቅ ለማትችሉት ነው የቀረውን የምናገረው።

በእንግሊዝ አገር ቤት መመርመር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሙያ ማኅበራቸው ምርመራውን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። ሦስተኛው ዝርዝር የሚባለው ነው፤ ለአሮጌ፣ ለተነካካና ወጣ ባለ መንገድ ለተሠራ ቤት የሚመከረውም እሱ ነው። መርማሪው ያየውን ብቻ አይጽፍም። ከምን እንደመጣ፣ ካልተጠገነ ምን እንደሚያመጣና የትኛው እንደሚቀድም ይጽፋል። እኛ ጋ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው በየሰፈሩ አታገኙም። ግን ሥራውን ሁለት ሰው አገናኝቶ ማሠራት ይቻላል። አንድ መሐንዲስና አንድ በድንጋይና በጭቃ ያረጀ ግንበኛ።

ሁለቱም ለምን? መሐንዲሱ ብቻውን ከሄደ፣ የተማረው በአብዛኛው ስለ ኮንክሪትና ብሎኬት ስለሆነ የጭቃ ግንብ ሲያይ «አፍርሱት» ይላል፤ ወይም ኮለን ይጨመር ይላል። ግንበኛው ብቻውን ከሄደ ሁሉን ያውቃል፣ ግን አይጽፍላችሁም። ያልተጻፈ ምርመራ ደግሞ ሻጭ ፊት ሲደርስ ወሬ ነው። እንግዲህ አንዱ ይመልከት፣ ሌላው ይለካና ይጻፍ። መሐንዲሱን ከሻጩ ወይም ከደላላው ጋር አብሮ የማይሠራ አድርጉት። ይህን መናገር የሚያስፈልግ አይመስልም ነበር፤ ግን አንድ ጊዜ ደላላው ያመጣው «መሐንዲስ» የደላላው እኅት ባል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አንድ ቤት እንዴት እንዳየን ልንገራችሁ። ወደ እንፍራዝ በሚወስደው መንገድ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ነው። ገዢዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሻጯ እማሆይ ናቸው፤ ልጆቻቸው ጋ ጎንደር ሊገቡ ነው። ስንደርስ ቡናው ተቀራርቧል፣ ዕጣኑ ይጤሳል። አያ ገና ከበሩ ሳይገቡ ቆሙና አፍንጫቸውን አነሱ። «እማሆይ፣ ዕጣኑን ለጊዜው ወደ ደጅ ያውጡልን፤ ቤቱን ላሸትተው ነው» አሉ። እማሆይ ሳቁ፤ አወጡት። ከኋለኛው ክፍል የሻገተ ጆንያ ሽታ መጣ።

አያ ወደዚያ ክፍል አልሄዱም። ቁጭ አሉ። ቡናውን ተቀበሉና እንዲህ አሉ፦

«እማሆይ፣ ክረምት ክረምት የት ነው የሚተኙ?»

«እዚሁ ምድጃው አጠገብ ነው እንጂ። ያችማ ክፍል ክረምት አትሆንም፤ አልጋው ልብሱ ሁሉ ይረጥባል።»

እኔ ሦስት ሰዓት ለክቼ የማገኘውን በአንድ ጥያቄ አገኙት። እማሆይ ሊያታልሉን አልፈለጉም። «ቤቱ ደህና ነው ወይ?» ብለን ብንጠይቃቸው «ደህና ነው» ነበር የሚሉን፤ ሠላሳ ዓመት ኖረውበታላ። ሻጭን ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ኑሮው ጠይቁ። የትኛው በር ክረምት አልዘጋ ይላል? እህሉን የት ነው የምታስቀምጡት? ዝናብ ሲመጣ ባልዲ የምታኖሩት የት ነው? ጎረቤትም ጠይቁ፤ ጎረቤት የማያውቀው የለም።

ከዚያ ቱንቢዋ ወጣች። አያ መሰላል ላይ ወጥተው አምስት ሳንቲ ሜትር የሆነች የእንጨት ቁራጭ ከግድግዳው አናት ላይ ደገፉና ክሩን በእሷ ላይ አወረዱት። ግድግዳው ቀጥ ያለ ከሆነ ክሩ ከላይ እስከ ታች ከግድግዳው አምስት አምስት ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ላይ አምስት። ታች አምስት። መሃል ላይ መሐንዲሱ ሜትሩን አስገባና «አንድ ተኩል» አለ። ግድግዳው መሃሉ ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ሆድ አውጥቷል ማለት ነው። በዓይን አይታይም ነበር፤ ልስኑ ሞልቶ አስተካክሎታል። አያ በመዶሻው እጀታ ቆ ቆ አደረጉት። ሆዱ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ተለወጠ፤ እንደ ባዶ ገንቦ። እያንዳንዱ ሜትር ላይ እንዲህ እያደረጉ በጠመኔ አከበቡት። ሲያልቅ ያ የሚያምር ግድግዳ ካርታ መሰለ።

ወደ ውጭ ዞርን። የኋላው ግድግዳ ከዳገቱ በኩል ነው። ሠላሳ ክረምት ሙሉ ከላይ እየታጠበ የወረደው አፈር ተከምሮ፣ የውጭው መሬት ከቤቱ ወለል ወደ አርባ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ግድግዳው እስከ ጉልበቱ መሬት ውስጥ ተቀብሯል ማለት ነው። ወለሉ ደግሞ በቅርቡ ሊሾ ተደርጓል። ድሮ እርጥበቱ በአፈሩ ወለል በኩል ይተን ነበር። አሁን ሊሾው ዘጋበት፤ ስለዚህ በግድግዳው ወደ ላይ ይወጣል። ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት አለ። እማሆይ «ኖራው እየተራገፈ ነው» ብለው ነበር የሚጠርጉት። ውሃው ይዞት የወጣው ጨው ነው።

ጣራውን በተመለከተ ብዙዎቻችሁ የማታስቡት ነገር አለ። ቤቱ ሲሠራ ሳር ክዳን ነበር። ሳር ክዳን ጫፉ ከግድግዳው ብዙ አልፎ ይወጣል፤ ጠፈጠፉ ራቅ ብሎ ይወርዳል። በኋላ ቆርቆሮ ሲገባ ቆርቆሮ ውድ ነው፣ ጫፉ አጠረ። አሸንዳም አልተደረገ። እንግዲህ ጠፈጠፉ በየዓመቱ የሚወርደው ግድግዳው ሥር ነው። ሰው «ሳር ክዳን ነበር፣ አሁን ግን ዘመናዊ ሆኗል» ይላችኋል። ለግድግዳው ግን የከፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነበር። ከእማሆይ አስፈቅደን አንድ ጥግ ፈታነው። መሐንዲሱ ባትሪ ይዞ አንገቱን አስገባ። ባትሪውን አጥፍቶ ሲያይ በየሚስማሩ ቀዳዳ ብርሃን ይገባል፤ «ኮከብ በኮከብ ነው» አለን። ወራጆቹ ግን ጽድ ናቸው፤ ጠንካራ። አንዱ ተሸካሚ ጫፉ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ነው። አያ በካቻቢቴ ወጋ አደረጉት። እስከ እጀታው ገባ። እንጨት ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው መሃሉ አይደለም፣ ግድግዳ ውስጥ የገባው ጫፉ ነው። የምስጥ የአፈር መንገድም በጓዳው መቃን ላይ አገኘን። ጉበኑ ግን ወይራ ነው፤ ምስጥ ጥርሱን ሰብሮ ተመልሷል አሉ አያ።

ስንጥቆችን እንዴት እንደምናነብ ልንገራችሁና ስለ ኤሌክትሪኩ አላወራም፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አምጥታችሁ አሳዩት፣ አለቀ።

ስንጥቅ ሁሉ ክፉ አይደለም። ልስን ላይ ያለ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ የልስኑ ነው። ከበሩ ማዕዘን ተነሥቶ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ እየወጣ የሚሄድ ግን መሬቱ የሚናገረው ነው። ላዩ ሰፍቶ ታቹ ከጠበበ የቤቱ ጫፍ እየሰመጠ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ቀጥ ብሎ ከላይ እስከ ታች እንደ በር የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ክፍል በኋላ የተለጠፈ ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ድንጋዮቹ አልተቆላለፉም። መሐንዲሶች ስፋቱ ከአምስት ሚሊ ሜትር ካለፈ የውበት ጉዳይ ብለው አያልፉትም። ከስፋቱ ይልቅ ግን እኔ የምፈራው የሚሄደውን ነው። ቆሞ ያለ አሮጌ ስንጥቅ ውስጡ አቧራና የሸረሪት ድር ይይዛል። እየሄደ ያለ ስንጥቅ ውስጡ ንጹሕ ነው፣ ጠርዙም ስለታም።

ለምን ይሄዳል? አፈሩ ነው። በአካባቢያችን ዝቅ ባለው ቦታ ሁሉ ዋልካ አለ፤ አንዳንዱ አገር መረሬ ይለዋል። ገበሬ ለሽምብራና ለጓያ ይወደዋል። ለቤት ግን ጠላት ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይጨማደዳል። መጋቢት ላይ ሜዳው ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታያላችሁ አይደል? ቤቱም በዚያ ላይ ተቀምጦ በየዓመቱ ይነሣል፣ ይቀመጣል። ክረምት አልዘጋ ብሎ በጋ በራሱ የሚዘጋ በር ካለ ዋልካው እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዛፍ በአጠገቡ ካለ ይብሳል። ዛፉ ውሃውን ይመጥና ያንን ጎን ብቻ ያደርቀዋል፤ ቤቱ በአንድ ወገን ይሰምጣል።

ስለዚህ በማዕዘኑ አጠገብ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሩ። ሻጩን አስፈቅዱ፣ ስታበቁ መልሳችሁ ድፈኑ። መሠረቱ ዋልካው ውስጥ ነው የቆመው? ወይስ አልፎ ቀይ አፈር ወይም አለት ነክቷል? ይህን ሳያይ ስለ መሠረት የሚናገር ሁሉ ይገምታል። እማሆይ ቤት ዋናው ቤት አለት ላይ ነበር። በኋላ የተለጠፈው ክፍል ግን ዋልካ ላይ፣ ያውም ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ አራት እርምጃ ርቀት። ያ የሚሸተው ክፍል ማለት ነው።

መሐንዲሱ ስንጥቆቹ ላይ ሦስት ቦታ በጂፕስ ለጠፈበትና ቀኑን በእርሳስ ጻፈበት። ጂፕስ አይለጠጥም። ግድግዳው ትንሽ እንኳ ቢሄድ ይሰበራል። በጣም ርካሽ መሣሪያ ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።

ትዕግሥት ካልኩ ስለ ወረቀቱ ልናገርና ላብቃ። መጀመሪያ ነገር፣ ወጣ ያለ ቤት ስትገዙ ምን እየገዛችሁ እንደሆነ እወቁ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው ቤቱ ነው። ቦታው በከተማ ክልል ውስጥ መሆኑን ከማዘጋጃ ቤቱ አረጋግጡ፤ ካርታውን፣ ዕዳና ዕገዳ አለመኖሩን እዩ። የገበሬ ይዞታ ላይ ያለ ቤት «ቤቱን ብቻ ነው የምሸጥልህ» ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ፣ ቱንቢያችሁን ኪሳችሁ ከትታችሁ መጀመሪያ ጠበቃ ጋ ሂዱ።

ሁለተኛው ቀብድ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ከውሉ ቢወጣ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ቢወጣ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ሰጥቶ ከዚያ ቤት ማስመርመር ማለት፣ ሐኪም ቤት ከሰርግ በኋላ እንደ መሄድ ነው። ሻጭ ያለ ቀብድ አላስመረምርም ካለ፣ «ምርመራው ይህን ያህል ጉድለት ካሳየ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ቃል በጽሑፍ ይግባ። ያንን እምቢ ካለ እኔ ብሆን እመለሳለሁ።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። በዚያው ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ኃላፊ ነው። ነገር ግን ገዢው ሲዋዋል ያውቀው ለነበረ ጉድለት፣ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካልሆነ በቀር ሊያልፈው ለማይችለው ግልጽ ጉድለት ሻጭ አይጠየቅም። «አላየሁም ነበር» ማለት ብዙ አያስኬድም ማለት ነው። ስታስመረምሩ ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ያወቃችሁትን ውሉ ውስጥ አስገቡት። ምን ተገኘ፣ ማን ይጠግናል፣ ስንት ከዋጋው ይቀነሳል። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ይመዝገብ።

ጥያቄ? እሺ፣ እዚያ ነጠላ የለበሱት እትዬ።

«ለምርመራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም ወይ?» ነው የሚሉኝ። ይጠይቃል። የመሐንዲሱ የሁለት ቀን ዋጋ፣ የግንበኛው አበል፣ ትራንስፖርት። እኔ ግን የወደቀውን ግድግዳ ለማስነሣት ቤቱን የገዛሁበትን ዋጋ ሲሶ ነው ያወጣሁት። ያውም የአያን ምክር ሰምቼ በኖራ ስለሠራሁት፣ ሁለተኛ አልወደቀም።

አንተስ? «ወንድሜ አሜሪካ ነው፣ በቪዲዮ ነው የሚያየው።» ቪዲዮ ጥሩ ነው። ሽታ ግን አያስተላልፍም። መዶሻው ቆ ሲል ድምፁ መለወጡንም በስልክ መስማት ይከብዳል። ወንድምህ የቪዲዮውን ጊዜ ለመሐንዲሱ ይስጠው፤ ከእሱ ጋር በስልክ አንድ ሰዓት ያውራ፤ የተጻፈውንም ያንብበው።

የእማሆይ ቤት ምን ሆነ? መምህርቷ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይገዛው ፈርተው ነበር። እማሆይ «አይዞሽ ልጄ፣ እኔም ከመስከረም በፊት አልወጣም» አሏቸው። ተጠበቀ። በክረምቱ መምህርቷ በራሳቸው ወጪ ከኋላው የተከመረውን አፈር አስነሡና ዳገቱ ሥር ውሃ የሚያዞር ቦይ አስቆፈሩ። እማሆይ ፈቀዱ፤ ዋጋው ላይም ታሰበላቸው። መስከረም ላይ ሄደን ጂፕሶቹን አየን። በዋናው ቤት ላይ ያሉት ሁለቱ ደህና ነበሩ። ሦስተኛው፣ የተለጠፈው ክፍል ላይ ያለው፣ ለሁለት ተሰብሯል፤ በመሃሉ የእርሳስ ጽሕፈት ተከፍሎ «ሐምሌ» የሚለው በአንድ ወገን፣ ቀኑ በሌላ ወገን ቀርቷል። ክፍሉ ፈረሰ። ድንጋዩ ግን አልተጣለም። ሆድ ያወጣው ግድግዳ ሲፈታ መያያዣ የሚሆን ረጅም ድንጋይ ጎድሎ ነበር፤ ከፈረሰው ክፍል ተገኘ።

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እኔና አያ ወደ ጠዳ በኩል አንድ ቤት ልናይ እንሄዳለን። ማየት የሚፈልግ ካለ ሚኒባሱ ውስጥ አራት ቦታ አለ። ትናንት ዘንቧል፣ ዋልካ ነው፤ የማታዝኑለትን ጫማ አድርጉ።